ያልተሰጠ ግጥም

እትዬ አበራሽ መቶ ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ዘርይሁን በኋለኛው በር ወረደ። እሳቸው ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳቸውን ከፊት አስቀድመው፣ ለሾፌሩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጥተው ቀና ሲሉ፣ እሱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቤቱ ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረዋል። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ማሲንቆውን በቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከአንዲት የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ሸሽቶ በፍሌሚንግደን ፓርክ ሕንፃዎች መሀል ሮጠ። ያየው ሰው ሌባ ቢለው አይፈረድበትም። ዘርይሁን ግን የማንንም ኪስ ነክቶ አያውቅም። የነካው ከኪስ የሚብስ ነገር ነው።

አራት ወር እንዲህ ከረመ። የእትዬ አበራሽ አንድ ልጅ፣ ራጉኤል፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሙት ዓመቱ የፊታችን ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይታሰባል። ሰኞ ደግሞ ዘርይሁን የሚጫወትበት ባንድ አሥራ አንድ ከተማ ሊዞር በመኪና ወደ ምዕራብ ይነሳል። ባንዱን ለዚህ ያበቃው አንድ ዘፈን ነው። የዘፈኑ ግጥም የእትዬ አበራሽ ሙሾ ነው፤ ለልጃቸው ያወረዱት ሙሾ። ዘርይሁን ሳይጠይቅ ወሰደው፣ ወስዶም የራሴ ነው አለ። ከቅዳሜ በፊት ቤታቸው ሄዶ ሊነግራቸው ይገባል። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ ሲያያቸው በኋለኛው በር ይወርዳል።

ማፈርን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ የሾላ ልጅ ነው። አባቱ መካኒክ ነበሩ፤ ጋራዣቸው ውስጥ ዘይት የጠገበ ካሴት ማጫወቻ ነበራቸው፣ የሚያጫውቱትም የአሜሪካ ካንትሪ ብቻ ነው። ቃሉ አንዱም አይገባቸውም። ዘፋኙ ሲያዝን ግን አብረው ያዝናሉ፤ መፍቻቸውን ይዘው ከመኪናው ሥር ዝም ይላሉ። የጓሯቸውን ክፍል የተከራየ አንድ አዝማሪ ነበር፤ ዘርይሁን ከእሱ ዘንድ እየተደበቀ ማሲንቆ ተማረ። አባትየው የደረሱበት ቀን አዝማሪውን ከነፍራሹ አስወጡት። «ልጄን አዝማሪ ልታደርገው ነው?» አሉት፣ ሰፈር ሁሉ እየሰማ። አዝማሪ ማለት በዚያ ሰፈር ስድብ ነበር። ባዕድ አገር ላለ ዘፋኝ ለሚያለቅስ ሰው የጓሮው ዘፋኝ ነውር ሆነበት፤ ሰው ሲባል እንዲህ ነው።

እህቱ ስፖንሰር አድርጋው ቶሮንቶ ሲገባ፣ የኤርፖርቱ ፈታሽ ማሲንቆውን አንስቶ ምንድነው ቢለው፣ «የግድግዳ ጌጥ ነው» አለ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር ያን ጊዜ፤ አባቱ በሌሉበት አባቱን ፈርቶ ዋሸ። ከዚያ ምንጣፍ መጋዘን ገብቶ ጥቅል ተሸካሚ ሆነ። እሑድ ከሰዓት ግን ዳንፎርዝ ላይ ጋሽ ብርሃኔ ምግብ ቤት፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ወጉ የታወቀ ነው። በላተኛው ግጥም ይመጣለታል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አንድ ቤት ይወረውራል፤ ዘርይሁን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አንዴ ከተሰጠ በኋላ ግጥሙ የተጫዋቹ ነው፤ በሌላ እሑድ ለሌላ ሰው ቢዘፍነው ማንም ቅር አይለውም። ሰጪው በአደባባይ፣ ወዶና አውቆ ነውና የሰጠው። ራጉኤልም በሕይወቱ ሳለ እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር። ግጥም አይሆንለትም፤ ያቺኑ አንዲት ቤት በየሳምንቱ ይሰጣል፤ በየሳምንቱም እንደ አዲስ ራሱ ይስቅላታል።

ሊሊ የመጣችው ራጉኤል ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። አባቷ በሰማንያዎቹ ስደተኛ ሆነው የመጡ፣ እሷ ኢስት ዮርክ ተወልዳ ያደገች፣ ጊታር ተጫዋች ናት። «ነጠላ ጓንት» የሚባል የካንትሪ ሮክ ባንድ አላት፤ ክረምት ክረምት በየፌርማታው አቻውን አጥቶ ወድቆ ከሚታየው አንድ ጓንት የወጣ ስም ነው። ዘርይሁን ያን ቀን ምግብ ቤቱ ባዶ ስለነበር ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ የአባቱን ካሴት አንዱን ዜማ በማሲንቆው ይከረክር ነበር። ሊሊ ጉርሻዋን ጨብጣ ቀረች።

«ዌይት፣ ይህን ከየት አወቅከው? ይኼ ካንትሪ እኮ ነው!»

«አባቴ ይወዱት ነበር» አለ ዘርይሁን፣ የሰረቀ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

«ሐሙስ ፕራክቲስ አለን። ና። ፕሊስ ና።»

ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሲንቆ ይዞ በፊት በር ገባ። የማሲንቆው አንድ የፈረስ ጸጉር ክር ከኤሌክትሪክ ጊታሩ ጋር ሲላቀስ፣ ከኒውፋውንድላንድ የመጣው ግዙፍ ከበሮ መቺ ዱላውን አቁሞ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየገበሬ ገበያው፣ በየጡረተኛ ወታደሮች አዳራሹ ተንከራተቱ። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያው የማሲንቆውን ቆዳ እያደረቀ ሲሰነጥቅበት፣ ሻወሩን ከፍቶ መታጠቢያ ቤቱን በእንፋሎት ይሞላና ማሲንቆውን ታቅፎ እዚያ ይቀመጣል። እህቱ በሩን እያንኳኳች «ዛሬም ከሚስትህ ጋር ነህ?» ትለዋለች። ደስተኛ ነበር። ይህን መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰው የሚያጠፋው ሲከፋው ብቻ አይደለም።

ባለፈው መስከረም በአንድ ጓደኛቸው ቤዝመንት፣ እዚያው ኢስት ዮርክ፣ አልበም ሊቀዱ ገቡ። ዘጠኝ ዘፈን አለቀ። አሥረኛው ዜማ ነበረው፤ ቃል አልነበረውም። ሊሊ ሦስት ቀን ጻፈች፣ ሦስት ቀን ቀደደች።

«ዘሪ፣ ኮረስ ያስፈልገናል። በአማርኛ። የሆነ ሰው ሲጠበቅ... ሲጠበቅ የሚቀር። አለህ?»

ነበረው። ስልኩ ውስጥ ነበረው።

ራጉኤል ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሥራ ላይ ከመሰላል ወድቆ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ለቅሶው እናቱ ቤት፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። ሰው ከሊፍቱ እስከ መኝታ ቤቱ ቆሟል። ዘርይሁንም ኮቱን እንደለበሰ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አልቃሽ አልነበረም፤ በዚህ አገር ማን አልቃሽ ይጠራል? እትዬ አበራሽ ራሳቸው ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ቁልቁል መንገዱን እያዩ አወረዱት፦

አውቶቡሱ ቆመ ሰው ሁሉ ወረደ፣
ራጉኤሌ ብቻ ወዴት ነው የሄደ?

በሩንም ሳልዘጋ ሌሊቱን አደርኩኝ፣
ቁልፉን ረስቷል ብዬ ስጠብቅ ነጋብኝ።

ቤቱ በእሪታ ተናወጠ። ዘርይሁንም አለቀሰ፣ ከልቡ አለቀሰ። እያለቀሰ ግን እጁን ኪሱ ከተተና የስልኩን መቅጃ ከፈተ። «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል፤ እሱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አደረገ። ለራሱ ያለው ቃል «እንዳይጠፋ ነው» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ግጥም አየር ላይ ቀርቶ መጥፋት የለበትም አለ። እውነትም ሊጠፋ አይገባም ነበር። ቢሆንም እንዳይጠፋ ብሎ የሚቀዳ ሰው ስልኩን ከኮቱ ሥር አይደብቅም።

እናም ቤዝመንቱ ውስጥ ለሊሊ ዘፈነላት። ሁለቱንም ቤት ዘፈነ። አንድ ነገር ብቻ ለወጠ። «ራጉኤሌ ብቻ» የሚለውን «የኔ ፍቅር ብቻ» አለው። ልኩ ገጠመ፤ የእናት ለቅሶ በአንድ ቃል የፍቅረኛ ናፍቆት ሆነ። ሊሊ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ባስ አለ፣ በር አለ፣ ቁልፍ አለ... ዘሪ፣ ይህ በጣም ካንትሪ ነው! ቃላቱ የማን ነው? ሬጂስተር ላደርገው ነው።»

«የሕዝብ ነው» አለ። «የድሮ።»

«የድሮ? አውቶቡስ አለበት እኮ!»

ከበሮ መቺው ሳይገባው ሳቀ። ዘርይሁንም ሳቀ። እዚያ ላይ ማለት የነበረበት አንዲት ስም ነበረች፤ ምላሱ ላይ ነበረች። ግን የእትዬ አበራሽን ስም ቢጠራ ሊሊ «ጠይቀሃቸዋል?» ትለዋለች፤ ከዚያ መሄድ፣ የሐዘንተኛ በር ማንኳኳት፣ ስልኩን ከኮቱ ሥር እንደደበቀ መናገር ሊመጣ ነው።

«እሺ፣ የኔ ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን ታፍራለህ? ቢ ፕራውድ!» አለችና ጀርባውን መታችው። ትሕትና መስሏት ነበር።

ዘፈኑ በጥር መጨረሻ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ዘርይሁን ያውቀዋል፤ ግን ማን በዳንፎርዝ ግሮሰሪ የካንትሪ ሮክ ይሰማል ብሎ ተማመነ። ተሰማ እንጂ! ወጣቶቹ በስልክ ተቀባበሉት፤ ባለ ሱቁ ቀኑን ሙሉ ከፈተው። የአንድ ፌስቲቫል አዘጋጅ ሰምታ ጠራቻቸው፣ ሌላው ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ። በመጋቢት አንድ አዳራሽ ሲጫወቱ ሰው «ወዴት ነው የሄደ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁን እያጨበጨበ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ እየተቀበለ ጨፈረ። ዘርይሁን መጨረሻ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ ቀና ማለት ስላቃተው ነው። ከበሮ መቺው ግን የኢትዮጵያውያን ወግ መሰለውና እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ዝቅ ማለት ጀመረ።

እትዬ አበራሽን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያገኛቸዋል። ማምለጫ የለም፤ በሩ አንድ ነው።

«ደህና ነህ ልጄ? ሥራ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። እርስዎስ?»

«ይመስገነው።»

ይህችው ናት። ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ሌላ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ያስተካክሉና ይሄዳሉ። ዘርይሁን አልሰሙም ማለት ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከቅዳሜው በፊት ባለው ሐሙስ፣ በዝናብ በሮጠ በማግስቱ ማለት ነው፣ ጋሽ ብርሃኔ ምግብ ቤት ገባ፤ ለአንድ ወር እንደማይኖር ሊነግራቸው ነው። ጋሽ ብርሃኔ ብርጭቆ ይወለውላሉ። ሳያዩት ጠየቁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ የአውቶቡስ ዘፈን፣ የአበራሽ ሙሾ ነው ይባላል። ለቅሶው ላይ የነበሩ ሴቶች ሁሉ አውቀውታል።»

የዘርይሁን ጆሮ ጋለ።

«ሴቶቹ ሄደው ጠይቀዋታል አሉ። እሷም "እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ግጥም ለአዝማሪ ይሰጣል፤ ምን ነውር አለው?" ብላለች። እውነት ነው? ሰጥታህ ነው?»

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረው ነገር ነው፤ ኋላም ለማንም አልደበቀውም። አንድ ሰው ከላዩ ላይ ድንጋይ ያነሳለት ይመስል ትንፋሹ ወጣ።

«አዎ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ሰጥተውኝ ነው።»

ጋሽ ብርሃኔ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ሴቶቹ እውነታቸውን ነው» አሉ በሐዘን። «እኔ አላመንኩም ነበር። የልጇን ሙሾ ለመጠጥ ቤት ጭፈራ የሰጠች እናት እያሉ ነው የሚያሟት። የማርያም ማኅበር ተራዋ ባለፈው ወር ነበር፤ ዘለሏት። ዳቦውን ጋግራ፣ ቤቱን አሰናድታ ስትጠብቅ ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ጽዮን ቤት ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አትሄድም።»

ዘርይሁን ከምግብ ቤቱ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድር ግን የዳንፎርዝ አስፋልት ናት፣ ለማንም አትከፈትም። አራት ወር የሸሸው ኀፍረት የትም አልሄደም ነበር። ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ተቀምጦ ነበር፤ ባዶ ወንበሮች መሀል፣ ከተጋገረ ዳቦ ጋር። እሱ ደግሞ አሁን፣ በገዛ አፉ፣ በዚያ ላይ ማኅተም መታበት።

አርብ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ሄደ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ አሥራ አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ። እትዬ አበራሽ በሩን ከፍተው አዩት።

«መጣህ» አሉት። ግባም ውጣም አላሉትም። ገባ።

ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም። እንደቆመ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያጠማዘዘ ተናገረ። «እትዬ፣ የራጉኤል ለቅሶ ቀን በስልኬ ቀዳሁዎት። ከኮቴ ሥር ደብቄ። ከዚያ የኔ ነው ብዬ አዘፈንኩት። ትናንት ደግሞ ጋሽ ብርሃኔ ሰጥታህ ነው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ አልኳቸው።»

«ትናንት?»

«ትናንት።»

ይህኛውን አላወቁም ነበር። ሌላውን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ፊታቸው የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ የሰማሁት ስኳር ልገዛ ገብቼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ሻጯ ልጅ "ደስ አይልም እማማ? ያስጨፍራል እኮ" አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት። ምን ልበላት? በሳምንቱ እነጽዮን መጡ። ሌባ ሊሉህ ነው የመጡት፣ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ይወድህ ነበር። እሑድ እሑድ አንተ ዘንድ ሄዶ ሲመለስ ነበር ስቆ የሚገባው። ሌባ ከሚሉህ ብዬ እኔ ሰጠሁት አልኩ። ያደግኩበት እምነት ሐሰት አያስተምርም። ግን ይመጣል፣ ይናገራል፣ ያን ጊዜ ይስተካከላል አልኩ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው የዋሸሁት። አራት ወር አስዋሸኸኝ።»

ዘርይሁን አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም፣ አላባበሉትምም።

«ስሙንስ ለምን አወጣኸው?»

«ለዘፈኑ... የፍቅር ዘፈን ስለሆነ...»

«አይደለም።»

«እንዳይታወቅብኝ ነው» አለ።

«እሱን በል» አሉ እትዬ አበራሽ። «ወስደህ ስሙን ብትጠራው ኖሮ፣ በየአገሩ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ዝም ባልኩ ነበር።»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? እኔ ማድረግ የምችለውን አድርጌ ጨርሻለሁ።»

ከሕንፃው ሥር ቆሞ ለሊሊ ደወለ። ሁሉንም ነገራት። ተቋርጧል ብሎ ስልኩን ሁለት ጊዜ ተመለከተው።

«የሞተ ልጅ ነው?» አለች በመጨረሻ። «እናቱ ናት? ዘሪ፣ ሰው ሲጨፍር ነበር። እኔ ስማይል እያደረግኩ ነበር የዘፈንኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላውቅም ነበር!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ያን ዘፈን ሁለተኛ አልዘፍነውም። ሰኞ እንሄዳለን፣ ኮንትራት አለብን። አንተ ግን አትምጣ። አሁን ላይህ አልችልም።»

«እሺ» አለ። ከሾላ ጓሮ የተነሳው ማሲንቆ ቶሮንቶን አልፎ ወደ ሰፊው አገር ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ሕንፃ ሥር ቀረ። ዘርይሁን ለዚህ ለማዘን እንኳ አፈረ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለሟች ሙት ዓመት ሰው አይቀርም፤ እናቱን ያማ ሰው እንኳ አይቀርም። እነወይዘሮ ጽዮን አንድ ጠረጴዛ ይዘው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እትዬ አበራሽ ከፊት፣ ከልጃቸው ፎቶግራፍ አጠገብ ናቸው። ግራና ቀኛቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ዘርይሁን ሁለቱን ባዶ ወንበሮች አየ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም። ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው ማዕዱን ሊባርኩ ሲሉ ተነሳ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ዘርይሁን እባላለሁ። ያ የአውቶቡስ ዘፈን የሚባለው፣ እትዬ አበራሽ ለራጉኤል ያወረዱት ሙሾ ነው። አልሰጡኝም። ለቅሶ ቤታቸው ቆሜ፣ ስልኬን ኮቴ ውስጥ ደብቄ ነው የሰረቅኳቸው። ሰጠሁት ያሉት እኔን እንዳላፍር ብለው ነው። እኔም ዝም አልኩ። ጋሽ ብርሃኔንም ዋሸኋቸው። እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

ጋሽ ብርሃኔ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ወይዘሮ ጽዮን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ከጎናቸው ያለችውን ሴት ሳይሆን ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። ዘርይሁን አሁን ይሰድቡኛል ብሎ ጠበቀ። እንዲሰድቡት ፈልጎም ነበር፤ ቢሰድቡት የሚቀለው መስሎት። የመጣው ሸክሙን ሊያወርድ ነበርና በልቡ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጎበዝ ነኝ ማለት ጀምሮ ነበር።

እትዬ አበራሽ ተነሱ።

ሰው ሁሉ ሊናገሩት ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። በመሀል አልፈው እሱ አጠገብ መጡና ቆሙ። ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም፤ ወደ ቄሱ ነው የዞሩት።

«አባ» አሉ፣ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ፣ «እሱ እውነቱን ተናገረ። እንግዲህ ዋሽቼ የኖርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። አልሰጠሁትም ነበር። ሰጠሁ ብያለሁ፤ እየቆረብኩ ብያለሁ። በልጄ ቀን፣ በልጄ ፊት ይፍቱኝ።»

ይህን አላሰበም። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደሚል ሲያሰላስል፣ ቃሉን ሲመርጥ፣ የሰው ፊት ሲፈራ፣ እሱ እውነቱን በተናገረ ቅጽበት እሳቸው ሐሰተኛ እንደሚሆኑ አንዴም አልታየውም። ሴቶቹ «ኧረ በማርያም አበራሽ፣ አንቺማ ምን አደረግሽ» እያሉ ከየወንበራቸው ተነሱ። እሳቸው አልሰሟቸውም። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

እትዬ አበራሽ ሊንበረከኩ ፈለጉ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ የሚደገፉት ነገር የለም። ወደ ጎን ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉና ያገኙትን ያዙ። የዘርይሁን ክንድ ነበር። እሱም በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ አወረዳቸው።